በእኛ በር ላይ የእነሱ ታፔላ፦ «ቱልባሩ ማንንም አልጎዳም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንቺ የምትጨቃጨቂበት ጉዳይ ነው፣ አንብቢው» ይላል መልእክቱ። አነበብኩት። ሁለቴ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት ሊንክ የሚያጋሩ ድርጅቶች በሰው ድረ ገጽ አናት ላይ የራሳቸውን ቱልባር፣ ማለትም የቁልፎች መስመር፣ ለጥፈው ያሳዩ ነበር። አሳታሚዎች ጮኹ። ጸሐፊው ግን ጩኸቱ ከንቱ ነበር ይላሉ። ጎብኚ በነጻ መጣላቸው፣ ማስታወቂያቸው ታየላቸው፣ ቆጣሪያቸው ቆጠረላቸው። ቱልባሩን ያልወደደ አንባቢ ይዘጋዋል። አሳታሚውም ካልፈለገ ያግደዋል። ፍርድ ቤትም ቢሆን ፈቅዶታል። ስለዚህ ዛሬ የስልክ መተግበሪያዎች ሊንክን በሆዳቸው ውስጥ ስለሚከፍቱ የሚያማርሩ ሰዎች፣ በተለይ ትንንሽ የአማርኛ ገጾች፣ አመስግነው ቢቀበሉ ይሻላቸዋል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ያበቃል።

ቋንቋው ጨዋ ነው። ጸሐፊውም ነገሩን የሚያውቁ ሰው ይመስላሉ። እውነት ያለበት ነጥብም አላቸው፣ ቦታው ሲደርስ እሱንም እላለሁ። ግን ከእነዚያ ትንንሽ የአማርኛ ገጾች አንዷ የእኔ ናት። ባዕድ አገር ኦቭን ውስጥ ድፎ ዳቦና ሕብስት እንዴት እንደሚጋገር ለዓመታት ስጽፍባት ኖሬያለሁ። እና «አመስግኚ» ስባል ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ላልደረሱበት ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲግ የሚባል የአሜሪካ ድረ ገጽ ነበር። ሰው ከየትም ያገኘውን ሊንክ ያመጣል፣ ሌላው የወደደውን «ዲግ» ያደርጋል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ፊት ገጽ ላይ ይወጣል። ፊት ገጽ ላይ የወጣች ትንሽ ብሎግ በጎብኚ ብዛት ሰርቨሯ ይወድቅ ነበር። በኤፕሪል 2009 መጀመሪያ ይኸው ድርጅት ዲግባር የሚባል ነገር አወጣ።

ሊንኩን ስትጫኑ ወደ ጋዜጣው ወይም ወደ ብሎጉ የሄዳችሁ ይመስላችኋል። ገጹም ይከፈታል። ግን አናቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን መስመር ተዘርግታለች። እሷ ላይ የዲግ አርማ አለ። የድምፅ ቁጥር አለ። አስተያየት የሚከፍት ቁልፍ፣ ለፌስቡክና ለትዊተር ማጋሪያ፣ ተመሳሳይ ጽሑፎች፣ እንደ ዕጣ ሌላ ጽሑፍ የሚያወጣ ቁልፍም አለ። ጥግ ላይ የኤክስ ምልክት። እኔን ያስጨነቀችኝ ግን መስመሯ አይደለችም። ከእሷ ከፍ ብሎ የብሮውዘሩ የአድራሻ ሳጥን አለ። እዚያ ላይ የተጻፈው የጋዜጣው አድራሻ አይደለም። ዲግ ነጥብ ኮም ይልና ጥቂት ፊደልና ቁጥር ይከተለዋል። አንባቢው የቆመው ዲግ ቤት ነው። የጋዜጣው ገጽ የሚታየው ዲግ ግድግዳው ላይ በቆረጠው መስኮት በኩል ነው። የዚያ መስኮት የሙያ ስሙ አይፍሬም ነው።

ዲግ ብቻውን አልነበረም። ሁትስዊት የሚባለው ድርጅት ሊንክ ማሳጠሪያ (ረጅም አድራሻን በአጭር የሚተካ አገልግሎት) ኦው ሊ ተመሳሳይ ቱልባር ነበረው፤ ለሰው አዳዲስ ገጾችን እየመረጠ የሚያሳየው ስታምብልአፖንም እንዲሁ። ስሙ የገነነውና ከፍተኛውን ጩኸት ያስነሳው ግን የዲጉ ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«ጎብኚ በነጻ ላኩላቸው»

ላኩ፣ እውነት ነው። ግን ዲግ ጎብኚ መላክ የጀመረው በ2009 አይደለም። የተከፈተው በ2004 መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአራት ዓመት በላይ ያለ ቱልባር ሊንክ ሲሰጥ፣ ሰውም ሊንኩን ተጭኖ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ገጽ ሲሄድ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ለምን ሊንክ አደረጋችሁኝ» ብሎ የጮኸ አልነበረም። እንዲያውም ብሎገሩ ሁሉ ፊት ገጽ ላይ ለመውጣት ይሳል ነበር። ጩኸቱ የመጣው ቱልባሯ ስትመጣ ነው። ጸሐፊው የሊንኩን ውለታ አንስተው ለቱልባሯ ሰጧት። ሊንኩ ጎብኚ ይልካል። ቱልባሯ የተላከውን ጎብኚ መልሳ ትይዛለች። ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

ደላላ ደንበኛ ቢያመጣልኝ ኮሚሽኑን እከፍላለሁ፣ አመሰግናለሁም። ደንበኛውን አስገብቶ ሲያበቃ የሱቄን ታፔላ አውርዶ የራሱን ቢሰቅል ግን እንጣላለን። ደንበኛው ለጎረቤቱ የሚነግረው ታፔላው ላይ ያነበበውን ነው።

ይሄ ነገር በራሴ ላይ ሲደርስ ያየሁት ክርስትና ቤት ነው። 2012 ወይም 2013 ይሆናል። አንድ ድፎ ቀረበ። ከላይ ወርቃማ፣ ከታች የኮባ ፈንታ በሙዝ ቅጠል የተጋገረ። ሙዝ ቅጠሉን ከእስያ ሱቅ ፍሪዘር ገዝቶ፣ አቅልጦ፣ በእሳት ለብ አድርጎ መጠቀም የእኔ ገጽ ላይ ያለ ዘዴ ነው። ጋጋሪዋን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ይሄን ድፎ ከየት ተማሩት?»

«ከኢንተርኔት ነዋ ልጄ። ፍሪጄ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ላሳይሽ።»

ቤቱ የእሳቸው ነበር። ወደ ኩሽና ወሰዱኝ። ወረቀቱ የእኔ ጽሑፍ ነው። ፎቶው የእኔ ነው፤ ትሪው ጥግ ላይ የልጄ ጣት ሳይቀር ይታያል። ግን ጽሑፉ ግማሽ ላይ ተቆርጧል። የቀረውን በእጃቸው ሞልተውታል። «ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያትመው፣ ምን እንደነካው እንጃ» አሉኝ። እኔ አውቅ ነበር። ገጹ ፍሬም ውስጥ ሲሆን ማተሚያው ብዙ ጊዜ በመስኮቱ የሚታየውን ያህል ብቻ አትሞ ይቆርጠዋል። ከወረቀቱ ግርጌ ብሮውዘር ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አድራሻ ታትሟል። የእኔ አይደለም። ሊንኩን የላከላቸው ሰው የተጠቀመበት የሊንክ ማሳጠሪያ አገልግሎት ነው። እሳቸው ለሁለት እህቶቻቸውና ለአንዲት ጎረቤታቸው ያንኑ አድራሻ ሰጥተዋል። «እነዚህ ሰዎች ጎበዝ ናቸው፣ ሌላም ምግብ አላቸው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እነዚህ ሰዎች! ሊንክ ከማሳጠር ሌላ አንድም ቀን ሊጥ ያላቦኩ ሰዎች።

አገልግሎቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ያ አድራሻ ዛሬ ምንም አይከፍትም። ገጼ ግን አሁንም አለች።

ይሄ የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። ስታምብልአፖን በጁን 2018 ተዘግቷል። ትሪም የሚባለው ሊንክ ማሳጠሪያ ገና በኦገስት 2009 እዘጋለሁ ብሎ ሰውን ካስደነገጠ በኋላ ነው ሐሳቡን የለወጠው። በ«ሊ» የሚያልቁት አድራሻዎች የሊቢያ ናቸው፤ በ2010 የሊቢያ ባለሥልጣናት ቪቢ ሊ የተባለውን አድራሻ ቀምተውታል። የእኔ ድፎ ዕድሜ በትሪፖሊ ቢሮ መወሰኑ ይገርማል።

አድራሻ ከስምም በላይ ነው። ሰው ቡክማርክ የሚያደርገው አድራሻውን ነው። ኮፒ አድርጎ የሚልከውም እሱን ነው። ሌላ ብሎገር «እዚህ አንብቡ» ብሎ የሚጠቅሰውም እሱን ነው። ጎግል ደግሞ አንድን ገጽ ከፍ የሚያደርገው ሌሎች ገጾች ምን ያህል እንደጠቀሱት እያየ ጭምር ነው። ሰው ሁሉ የዲግን አጭር አድራሻ ከጠቀሰ ምስጋናው ለማን ይመዘገባል? ዲግም ይሄ ገብቶታል። በዚያው በኤፕሪል 2009 አካውንቱ ያልገባ ሰው ቱልባሯ እንዳትታየውና በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ገጽ እንዲሻገር አደረገ። ምንም ጉዳት ከሌለ ማስተካከያው ለምን አስፈለገ? ጸሐፊው ይህችን ዘለዋታል።

የዘለሉት ሌላም አለ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ዲግ አጭር ሊንኮቹን ለወጣቸው። አካውንቱ ያልገባ ሰው ሊንኩን ሲጫን ወደ ጋዜጣው መሄዱ ቀርቶ ዲግ ላይ ወዳለው ገጽ ይገባ ጀመር። ጽሑፉን ለማግኘት እንደገና መጫን አለበት። አድራሻው በሰው እጅ ሲሆን የሚመጣው ይሄ ነው። ዛሬ ወደ እናንተ የሚወስድ በር ነገ ወደ ሌላ ቤት ሊዞር ይችላል፤ እናንተን የሚጠይቅ የለም።

«ማስታወቂያቸው ታየ፣ ቆጣሪያቸው ቆጠረ»

ከጽሑፉ ጠንካራው ነጥብ ይሄ ነው፣ ግማሹን እቀበላለሁ። አይፍሬም ውስጥ የተከፈተ ገጽ በሙሉ ይጫናል። ማስታወቂያውም ይመጣል፣ ቆጣሪውም አንድ ብሎ ይመዘግባል። ዲግ ጽሑፉን ገልብጦ አልሰረቀም። ይህን የሚክድ ካለ ይሳሳታል።

ግን ቆጠረ ማለት በትክክል ቆጠረ ማለት አይደለም። ምስክሬ ጎግል ነው። የጎግል ምስል ፍለጋ ለዓመታት ፎቶ ስትጫኑ የፎቶውን ባለቤት ገጽ ከጀርባ በአይፍሬም ይከፍት ነበር። በጃንዋሪ 2013 ይህን አስቀረ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የባለ ገጾች የጎብኚ ቆጠራ ትክክለኛ እንዲሆን የሚል ነው። ሌላው የሰርቨራቸውን ጫና መቀነስ ነው። ማለትም ማንም ያላነበበው ገጽ እንደተነበበ ይቆጠር ነበር፤ ለዚያ ባዶ ጉብኝት ደግሞ የሰርቨር ሒሳብ የሚከፍለው ባለ ገጹ ነበር። (ለውጡ ሲመጣ አሳታሚዎች በሌላ በኩል አለቀሱ። ጎግል ትልቁን ፎቶ ራሱ ዘንድ ማሳየት ስለጀመረ ወደ ገጻቸው የሚሻገር ሰው ቀነሰ። ያ ሌላ ሙግት ነው።)

ደግሞ የሁለት ሰው ቆጣሪ እኩል ነው የሚሠራው። አንባቢዬ አሥር ደቂቃ ድፎ ሲያነብ፣ አሥሩም ደቂቃ የቱልባሩ ባለቤት ገጽ ላይ እንዳለ ሰው ነው። ማስታወቂያ ለመሸጥ «ሰው እኛ ዘንድ ብዙ ይቆያል» የሚል ድርጅት ያን ቁጥር ያቀርባል። ያቆየው ግን የእኔ ሙዝ ቅጠል ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ አሠራሩ ራሱ ነው። አንባቢው ፍሬም ውስጥ ሆኖ ከድፎው ጽሑፍ ወደ ሕብስቱ ጽሑፍ ተሻገረ እንበል። የላይኛው አድራሻ አይለወጥም። ቱልባሯም አታውቅም፤ ብሮውዘር ለደኅንነት ሲባል የውጪው ገጽ የውስጡ የት እንደደረሰ እንዳያይ ይከለክላል። አንባቢው ሕብስቱን ወደደው፣ አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ለእህቱ ላከ። እህት ከፈተች። ድፎ! «ሕብስት ያልከኝ የታለ?» ትለዋለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም። ብዙ ጊዜ የሚታማው ባለ ገጹ ነው።

ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። የዲግ መሥራች ኬቨን ሮዝ በኤፕሪል 2010 የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅነት ሲረከብ ዲግባርን እንደሚገድለው አስታወቀ። የሰውን ይዘት በአይፍሬም መክበብ ለኢንተርኔት መጥፎ ነው ብሎ ጻፈ። ቡክማርክ ሲደረግ ሰው ይምታታበታል አለ። ፍሬም ከሚሰብሩ፣ ማለትም በሰው ፍሬም ውስጥ አልከፈትም ከሚሉ ገጾች ጋር ይጋጫል አለ። አንባቢው ወደ ሌላ ጽሑፍ ሲሻገር የቀድሞው ጽሑፍ የድምፅ ቁጥር ከላይ ተገትሮ እንደሚቀርም አነሳ። ባለቤቱ ራሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ይቅርብኝ ያለውን ነገር፣ ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ጠበቃ ቆመውለታል።

«ሰው ቱልባር ለምዶ ነበር፣ የማይፈልገው በኤክሷ ይዘጋታል»

የዚያን ጊዜ ብሮውዘር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የጎግል ቱልባር፣ ከሥሩ የያሁ ቱልባር፣ ከሥሩ ማን እንደጫነው የማይታወቅ የሦስተኛ ወገን ቱልባር። የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይማ ገጹ ራሱ የሚቀረው ቦታ የእጅ መዳፍ ያህል ነበር። ስለዚህ «አንድ ተጨማሪ ምን ያመጣል» ማለታቸው ይገባኛል።

ግን ሁለት ነገር ቀላቅለዋል። የጎግል ቱልባር ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ነው። ከገጹ ውጪ ይቀመጣል፣ የአድራሻውን ሳጥን አይነካም። ስታምብልአፖንም ሲጀምር እንዲህ ብሮውዘር ላይ የሚጫን ነገር ነበር፤ ያኔ ማንም አልተጣላውም። የፍሬም ቱልባር የሚለየው አንባቢው ምንም ሳይጭን ሊንክ በመንካቱ ብቻ የሚመጣበት በመሆኑ ነው።

ኤክሷ? አዎ፣ ነበረች። ግን አንባቢው የሚዘጋት ካወቃት ነው። እትዬ አያውቋትም ነበር። በዚያ ላይ እሷን መዝጋት ያለበት ያልጠራት ሰው መሆኑ አይገርምም? ከ1024 በ600 የማይበልጥ ስክሪን ባላት ትንሽ ኔትቡክ ላይ ደግሞ እያንዳንዷ መስመር ቦታ ናት። አንድ አንቀጽ ከእይታ ትገፋለች።

«አሳታሚው ካልፈለገ ማገድ ይችላል»

እንዲህ ሲባል ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጠቀሳል፣ ጸሐፊውም ጠቅሰውታል። ጆን ግሩበር። ዳሪንግ ፋየርቦል የሚባል ስለ አፕል የሚጽፍ ታዋቂ ብሎግ አለው። ዲግባር በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በዲግባር በኩል ለሚመጣ ሁሉ ከጽሑፉ ይልቅ ለዲግ የተጻፈች አንዲት አጭር ስድብ እንድትታይ አደረገ። ስድቧን እዚህ አልጽፋትም። ዘዴውንም ለሌሎች አሳየ። ጀግንነት ነው፣ አልክድም።

ግን ግሩበር ኮድ መጻፍ ያውቃል፣ ሰርቨሩም በእጁ ነው። እኔ የዚያን ጊዜ ነጻ የብሎግ አገልግሎት ላይ ነበርኩ። የሰርቨሩን ቅንብር መንካት ቀርቶ የት አገር እንዳለም አላውቅም። አብዛኛው የአማርኛ ብሎግ እንዲሁ ነበር። ጸሐፊው «አንድ መስመር መጻፍ ነው» የሚሉት ኤክስ ፍሬም ኦፕሽንስ የተባለው መመሪያ፣ ገጻችሁ በሌላ ሰው ፍሬም ውስጥ እንዳይከፈት ብሮውዘሩን የሚያዝ ነው። እሱን ያመጣው የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ነው። ያ ብሮውዘር በይፋ የወጣው በማርች 2009 ነው፤ ዲግባር ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ገደማ! ማን ቀይሮ ጨርሶ? የእኔ አንባቢዎች ግማሹ ገና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ላይ ነበሩ።

ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ ፍሬም የሚሰብር ትንሽ የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው። «ከላይ ያለሁት እኔ ካልሆንኩ ወደ ላይ አውጣኝ» ይላል ባጭሩ። በ2010 የስታንፎርድና የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎች የታዋቂ 500 ድረ ገጾችን ፍሬም ሰባሪ ኮዶች መርምረው ሁሉም በአንድም በሌላም መንገድ ሊታለፉ እንደሚችሉ አሳዩ። ባንኮቹ ሳይቀሩ ማለት ነው። እና የዳቦ ብሎግ ልታግድ?

የፍሬም ጣጣ በአሳታሚ ኪስ ብቻም አያበቃም። በ2008 ክሊክጃኪንግ የተባለ ማጭበርበር በሰፊው መነገር ጀመረ። አጭበርባሪው እውነተኛውን ገጽ በማይታይ ፍሬም ከፍቶ ከራሱ ገጽ በላይ ያነጥፈዋል። እናንተ «ሽልማት ውሰድ» የሚል ቁልፍ የተጫናችሁ ሲመስላችሁ፣ በእውነት የተጫናችሁት ከላይ ያለውን፣ የማይታየውን ነው። ማይክሮሶፍት ያን መመሪያ ያመጣው ለዚህ ነው እንጂ ለዲግባር ብሎ አይደለም። ሰውን «አድራሻው ከገጹ ጋር ባይመሳሰልም ችግር የለውም» ብሎ ማስለመድ እንዲህ ላለ ሌባ በር መክፈት ነው።

«ፍርድ ቤት ፈቅዶታል»

ይህን ቶሎ ልለፈው፣ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን የተጠቀሰው ነገር ተቆርጧል። በ1997 መጀመሪያ ዋሽንግተን ፖስት፣ ሲኤንኤን፣ ሮይተርስ፣ ዳው ጆንስና ሌሎችም ሆነው ቶታልኒውስ የተባለ የአሪዞና ትንሽ ድርጅት ከሰሱ። የእነሱን ዜና በራሱ ፍሬም ከብቦ በዙሪያው የራሱን ማስታወቂያ ይሸጥ ነበር። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ። ዳኛ አልፈረደም። ቶታልኒውስ መክበቡን አቁሞ በተራ ሊንክ ብቻ እንዲጠቀም ተስማማ። ይሄ ለማን ያደላል?

አውሮፓን በተመለከተ ጸሐፊው የ2014ቱን የቤስትዎተር ውሳኔ ያነሳሉ። ልክ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ለሁሉም ክፍት የሆነን ይዘት በፍሬም ማሳየት ብቻውን የቅጂ መብት መጣስ አይደለም ብሏል። ግን ያው ፍርድ ቤት በማርች 2021፣ ባለመብቱ ፍሬምን የሚከለክል ቴክኒካዊ መከላከያ ካደረገ እሱን አልፎ መክበብ ፈቃድ ይጠይቃል ሲል ወስኗል። ሁለተኛው ውሳኔ ጽሑፋቸው ውስጥ የለም።

«ትንንሽ የአማርኛ ገጾች አመስግነው ይቀበሉ»

እዚህ ላይ ነው ሻይዬ የቀዘቀዘው።

መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጣቸው። የዛሬ መተግበሪያዎች ሊንክ ስትጫኑ የሚከፍቱት የውስጥ ብሮውዘር ከዲግባር ይሻላል። ገጹ አይፍሬም ውስጥ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አድራሻዬ ከላይ በትንሹም ቢሆን ይታያል። ሰው ሼር ሲያደርግም የሚሄደው የእኔ ሊንክ ነው። ማስታወቂያውም ቆጣሪውም ይሠራል። አንባቢዬ ከሪያድም ከሮምም በስልኩ በዚህ በኩል ይመጣል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

ግን «እገዱት» የሚለው ምክራቸው እዚህ ጋ ጨርሶ አይሠራም። ያ የፍሬም መከላከያ የውስጥ ብሮውዘርን አይከለክልም፤ ፍሬም አይደለማ። የዲግባር ጊዜው መሣሪያ ለዚህ አልተሠራም። በኦገስት 2022 ፊሊክስ ክራውስ የተባለ የኦስትሪያ ገንቢ በአይፎን ላይ ኢንስታግራምና ፌስቡክ በውስጥ ብሮውዘራቸው በሚከፈት በማንኛውም ገጽ ላይ የራሳቸውን ኮድ እንደሚጨምሩ አሳየ። የሁለቱ ባለቤት ሜታ ተጠቃሚው ስለ ክትትል የመረጠውን ለማክበር ነው ብሎ መለሰ። ምክንያቱ ይሁንላቸው። የእኔ ገጽ ላይ እኔ ያልጻፍኩት ኮድ እንዳለ ግን እኔም አንባቢዬም አልተነገረንም።

ገጾች ስልክ ላይ ቶሎ እንዲከፈቱ የተሠራውን የጎግል ኤኤምፒን ነገር ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር «ገጾችን ያፈጠነ» ብለው አልፈውታል። አፍጥኗል። ከ2016 ጀምሮ ግን ከጎግል ፍለጋ የሚከፈት የኤኤምፒ ገጽ አድራሻው የጎግል ነበር። ከላይ የጎግል መስመር ተለጥፎበት። ዲግባር በአዲስ ልብስ ማለት ነው። ዜናው ከፍ ብሎ በሚታየው የፍለጋ ሣጥን ውስጥ ስልክ ላይ ለመግባት ኤኤምፒ ግዴታ መሆኑ የቀረው በ2021 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ትልልቅ ጋዜጦች ሳይቀሩ አድራሻቸውን አስረክበው ኖሩ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ከ2016 ጀምሮ ኢንስታንት ቪው የሚባል ነገር አለው። ለተዘጋጀለት ገጽ ጽሑፉንና ፎቶውን ገፎ፣ ማስታወቂያውን ትቶ፣ በራሱ መልክ ወዲያው ይከፍታል። ለአንባቢ ግሩም ነው። ዳታ ይቆጥባል፣ ቶሎ ይከፈታል። እኔም ስልኬ ላይ ያችን የመብረቅ ምልክት ሳያት እጄ ይሄዳል፣ አልዋሽም። እንደ ጸሐፊ ግን የማየው ሌላ ነው። ገጼ ላይ ያለችው ትንሽ ማስታወቂያ የሰርቨሩን ክፍያ በዓመት አንድ ጊዜ የምትሸፍን ናት። እዚያ ውስጥ እሷ የለችም። ለትልቅ ጋዜጣ ከሺህ አንድ ነው። ለእኔ ሁሉም ነው። ስለዚህ ትንሽ መሆን ለማመስገን ምክንያት ነው የሚሉት አልገባኝም። ትንሽ መሆን ጉዳቱ ቶሎ እንዲሰማህ ነው የሚያደርገው።

ሊንክ ላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬ አለ። ጸሐፊውንም ጨምሮ፤ ጽሑፋቸው ውስጥ ካነሷቸው የአማርኛ ገጾች አንዷ የእኔ ናት፣ ሊንኩም በቀጥታ ወደ እኔ ነው የሚወስደው። እሳቸው እንኳ ቱልባር አልለጠፉብኝም።

እኔ ከዚያ ክርስትና ወዲህ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አናት ላይ፣ ከእቃው ዝርዝር በፊት፣ የገጼን አድራሻ እንደ ተራ ጽሑፍ እጽፈዋለሁ። ፎቶውም ጥግ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ከልጄ ጣት በላይ። ግርጌ ላይ ብጽፈው ማተሚያው ሲቆርጥ አብሮ ይሄዳላ። ባለፈው ፋሲካ እትዬ አዲሱን ወረቀታቸውን በቫይበር ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ግርጌው ላይ የሆነ መተግበሪያ አድራሻ አለ። አናቱ ላይ የእኔው። እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ያሰመሩት ግን «ሙዝ ቅጠሉን አታቃጥሉ» የሚለውን ነው።